ዕቃን መውደድ ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው ታኅሣሥ ወር ከእሑድ መርሐ ግብር በኋላ በግቢው ጥግ ቆመን ስንጫወት አንዲት እኅታችን አንድ ጥያቄ አቀረበችልን። ጥያቄዋም፣ «ሰው ዕቃን ሊወድ ይገባዋልን? ወይስ ፍቅር ለእግዚአብሔርና ለሰው ብቻ የሚሰጥ ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው እንዲያው በደፈናው የተነሣ አልነበረም። ያን ዕለት ሦስታችን አዲስ በገና ተሸክመን መጥተን ነበርና፣ ስለ እርሱ ስናወራ ፊታችን ሲበራ አይታ ነው የጠየቀችን። በጊዜው ስቀን አለፍነው። ጥያቄው ግን ውሎ አድሮ ሲከነክነን ስለ ሰነበተ፣ የደረሰብንንም ከደረሰብን ነገር የተማርነውንም በዚህች አነስተኛ መጽሔታችን ልናካፍላችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ እንናገር። እኛ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍል የምንኖር ሦስት ተማሪዎች ነን። ሦስታችንም በገና ለመማር ስንመኝ ኖረናል። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያለው በገና አንድ ብቻ ሲሆን ተማሪው ግን ብዙ ነው፤ በሳምንት ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጊዜ ጣት ሳይፍታታ ያልቃል። ስለዚህ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ገንዘባችንን አዋጥተን አንድ በገና በጋራ ለመግዛት ተስማማን። አንዱ የሰፈር ልጆች እያስጠና ያጠራቀመውን አመጣ። ሁለተኛው ለጃኬት መግዣ ያስቀመጠውን ሰጠ። ሦስተኛው ከየት እንዳመጣው አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ከሠሪው ቤት የሄድነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሽማግሌው አራት በገናዎች አውጥተው ከግድግዳው ላይ ደገፍ አድርገው አቆሙልን። ሦስቱ መልካሞች ነበሩ። አራተኛው ከእነርሱ ይልቅ ያጌጠ አልነበረም፤ እንዲያውም እንደ ሌሎቹ በቀንበሩ ላይ ቅርጽ አልወጣለትም። ነገር ግን ሠሪው አንሥተው አንዱን አውታር በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት፣ ድምፁ ከገበቴው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ደረታችን የገባ መሰለን። ሦስታችን ተያየን። በዋጋው መከራከር ይገባን ነበር፤ ዳሩ ግን ፊታችን አስቀድሞ አሳብቆብን ነበርና የተጠየቅነውን ከፍለን ተነሣን።

ስንወጣ ሽማግሌው እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ይህ ገና አዲስ ነው። አውታሩ አንጀት ስለ ሆነ ይረግባል፤ በየቀኑ ቃኙት። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ግን እዚሁ ቢቆይ ይሻላል።» እኛም «እሺ አባባ» ብለን እጅ ነሥተን ሄድን። ልባችን በገናው ላይ ስለ ነበር የተናገሩትን በውል ያዳመጥነው አይመስለንም።

በታክሲ ስንመለስ አንዳችን ከላይ አንዳችን ከታች ይዘን፣ እንዳይጋጭብን ለበገናው እንደ አንድ ተሳፋሪ የመቀመጫ ሒሳብ ከፈልንለት። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። አንዱ ውኃ ልጠጣ ብሎ ይነሣል፤ ሌላው መስኮቱ መዘጋቱን ልይ ብሎ ይነሣል፤ በመጨረሻም ሦስታችን በጨለማ በበገናው ዙሪያ ተገናኘንና ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። ከእናንተ መካከል የወደደውን ነገር በእጁ ያስገባ ሁሉ ይህን ደስታ ያውቀዋል።

ለማያውቁት ወገኖች ስለ በገና ጥቂት እንበል። በገና ቁመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ የዜማ መሣሪያ ነው። ከታች በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከገበቴው የሚነሡ ሁለት ምሰሶዎች፣ ምሰሶዎቹንም ከላይ የሚያያይዝ ቀንበር አለው። ከቀንበሩ ወደ ገበቴው 10 አውታሮች ይወርዳሉ፤ በቀደመው ልማድ አውታሩ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። አውታሮቹ በርኩማ በሚባለው እንጨት ላይ ያርፋሉ፤ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከልም እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ያ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርመው የበገና ድምፅ የሚመጣው ከዚህች ቁራጭ ነው፤ ከቦታዋ ጥቂት ፈቀቅ ካለች ድምፁ ይደርቃል። አባቶች 10ሩን አውታሮች በዐሥርቱ ትእዛዛት፣ ሁለቱን ምሰሶዎች ደግሞ በቅዱስ ሚካኤልና በቅዱስ ገብርኤል ይመስሏቸዋል። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ፍቅራችን ለከንቱ ነገር እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። የወደድነው ሊወደድ የሚገባው ነገር ነበር። ጥፋቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የሰዓት ድልድል አወጣን፤ ይህም ተገቢ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ደቂቃ መቁጠር ጀመርን። «ትናንት ሩብ ሰዓት አልፈህብኛል» መባባል መጣ። ከሌላ ክፍል ወንድሞች ሊያዩልን ሲመጡ ማየትን ፈቅደን መንካትን ከለከልን፤ «የእጅ ወዝ ቆዳውን ያበላሸዋል» የሚል ምክንያትም አገኘንለት። ልባችንን ከመረመርነው ግን ለቆዳው ተጨንቀን አልነበረም። እንደዚያ ያለ በገና እንዳለን እንዲያውቁልን እንፈልግ ነበር፤ የእነርሱም እንዳይሆን እንፈልግ ነበር። በጨርቅ የምንወለውልበት ጊዜ ከምንደረድርበት ጊዜ የሚበልጥበት ቀን ብዙ ነበር።

በጥር ወር አንድ ቀን ከትምህርት ስንመለስ አንዱ አውታር ተበጥሶ አገኘነው። እያንዳንዳችን «እኔ አይደለሁም» አልን። ከዚያ በኋላ ዐሥር ቀን ሙሉ በአንድ ክፍል እያደርን ከእግዚአብሔር ሰላምታ በቀር ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። በገናው በዘጠኝ አውታር ልብሱን ለብሶ በጥግ ቆመ። አብረን የሳቅንበት ቦታ፣ ወደዚያ ላለማየት ፊታችንን የምናዞርበት ቦታ ሆነ።

እንግዲህ የእኅታችን ጥያቄ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ፣ «አላልኳችሁምን? ዕቃን መውደድ መጨረሻው ጠብ ነው፤ ስለዚህ ሰው ከዕቃ ልቡን ፈጽሞ ማራቅ አለበት» ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ፣ «ዕቃው ምን አደረገ? ጥፋቱ የሰዎቹ ነው፤ መውደድ በራሱ ምንም ክፋት የለበትም» ይል ይሆናል። ሁለቱም አነጋገሮች ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ወደ ነገሩ ሥር የሚደርሱ አይመስለንም።

የመጀመሪያውን እንመልከት። ከዕቃ ሁሉ ልቡን ያራቀ ሰው በገናን እንዴት ሊማር ይችላል? መማር ሲጀመር የጣት ጫፍ ይቆስላል፤ ክንድ ይዝላል፤ አንዲትን ዜማ በትክክል ለመያዝ ሳምንታት ያልፋሉ። ይህን ሁሉ የሚያስችለው በመጀመሪያው ቀን በልብ ያደረው ደስታ ነው። ያ ደስታ ባይኖር ብዙዎቻችን ከመንገድ እንመለስ ነበር። ስለዚህ ሰው ገና ሲያየው የወደደውን መሣሪያ በማግኘቱ ሊያፍር አይገባውም፤ ደስታው ለድካሙ የተሰጠ ስንቅ ነው።

ሁለተኛውንም እንመልከት። «መውደድ በራሱ ክፋት የለበትም» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ምን ዐይነት መውደድ? በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደምናነበው ንጉሥ ሳኦል በክፉ መንፈስ ሲታወክ ዳዊት በገና እየደረደረለት ዕረፍት ያገኝ ነበር። ሳኦል ንጉሥ ስለ ነበር በአገሩ ያለውን በገና ሁሉ በቤተ መንግሥቱ ሊሰበስብ ይችል ነበር። ዕረፍት ያገኘው ግን በገና ስለ ነበረው ሳይሆን የሚደረድርለት ሰው ስላገኘ ነው። ያው ሳኦል ቅናት በገባው ጊዜ ደግሞ በዚያው ደርዳሪ ላይ ጦሩን ወረወረ። እንግዲህ በገና በቤት መኖሩ፣ ድምፁም በጆሮ መግባቱ ብቻውን ልብን አያቀናም ማለት ነው። እኛም ጦር አልወረወርንም እንጂ፣ በአንድ በገና ዙሪያ ሆነን እርስ በርሳችን በክፉ ዐይን ተያይተናል።

ነገሩን በሚገባ ለመለየት ቀለበትንና በገናን እናነጻጽር። ቀለበት የገዛ ሰው በጣቱ ካደረገው በኋላ የሚቀረው ሥራ የለም፤ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ሆኗል። በገና የገዛ ሰው ግን ገና ምንም አልያዘም። በገንዘብ የሚገዛው እንጨቱ፣ ቆዳውና አውታሩ ነው፤ መደርደር ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም። ስለዚህ በገናን እንደ ቀለበት የወደደ ሰው የወደደው በገናን ሳይሆን ባለቤትነትን ነው። የእኛም ስሕተት ይህ ነበር።

ይህን ስናስብ በሌላ አገር የሆነ አንድ ታሪክ ትዝ አለን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1879 ዓ.ም. ሬቨንስክራግ የምትባል መርከብ፣ የፖርቱጋል ከሆነችው ከማዴይራ ደሴት ከ400 በላይ ሰዎች ይዛ የአራት ወር ያህል የባሕር ጉዞ አድርጋ ከሃዋይ ዋና ከተማ ከሆኖሉሉ ደረሰች። ሰዎቹ የመጡት በሸንኮራ አገዳ እርሻ ለመሥራት ነበር። ከጓዛቸው መካከል ግን ባለ አራት አውታር የሆነች፣ ጊታር የምትመስል ትንሽ መሣሪያ ነበረች። የአገሩ ሰዎች ይህችን መሣሪያ ገና ሲሰሟት ወደዷት፤ ስምም አወጡላት፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ ኡኩሌሌ ብሎ የሚጠራት እርሷን ነው። የስሙ ትርጉም «የምትዘል ቁንጫ» ማለት እንደ ሆነ በሰፊው ይነገራል፤ የደርዳሪዎቹ ጣት በአውታሩ ላይ ሲዘል ያየ ሰው ያወጣው ስም ይመስላል። ንጉሣቸው ካላካዋም ወዷት በቤተ መንግሥቱ እንድትሰማ አድርጓል።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን አንድ ነገር አለ። ያ ሕዝብ የእንግዳ ሰው ዕቃ ወድዶ በመደነቅ ብቻ አልቀረም። በዚያች መርከብ ከመጡት መካከል ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ጆዜ ዶ ኢስፒሪቱ ሳንቱ የሚባሉ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች መሣሪያዋን በሃዋይ ምድር በሚበቅለው ኮአ በተባለው እንጨት ይሠሯት ጀመር። የአገሩም ሰው ተማራት፤ ልጆቹንም አስተማረባት፤ በራሱ ዜማ ዘመረባት። በመጀመሪያ ቀን የተሰማቸው ደስታ ወደ እጃቸው ወርዶ ሥራ ሆነ። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ኡኩሌሌ ከመርከብ ጋር መጥታ ከመርከብ ጋር የምትረሳ ዕቃ ትሆን ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። በየካቲት የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣ ያልነገረን ወንድማችን ወደ ቤተሰቦቹ ሲሄድ በገናውን ይዞ ሄደ። ተኳርፈን ስለ ነበር አንከለክለውም፤ አንመርቀውም። እግረ መንገዱንም የተበጠሰውን አውታር አስቀየረ።

ከቤት ሲደርስ እናቱ አገላብጠው ከሳሙት በኋላ ዐይናቸው ወደ እግሩ ወረደ። ጫማው ከጎኑ ተቀዶ ነበር። «ልጄ፣ አዲሱን ጫማ ለበዓል አስቀምጠኸው ነው?» አሉት። በመስከረም የጫማ መግዣ ሰጥተውት ነበር፤ ገንዘቡም በገናው ውስጥ ገብቷል። ወንድማችን ሊዋሽ አልቻለም። «እማዬ፣ ጫማ አልገዛሁም» ብሎ የበገናውን ልብስ ገለጠላቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። አልተቆጡም። ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ከመደቡ ላይ ተቀመጡና፣ «እንግዲህ ጾሙም ገብቷል፤ እስቲ ደርድርልኝ» አሉት።

ወንድማችን ሊደረድር ጀመረ። ከሁለት ወር በላይ በእጃችን የነበረ በገና ነው። ነገር ግን ያን ያህል ጊዜ ውስጥ ተምረን የጨረስነው አንዲት ዜማ እንኳ አልነበረችም። ጣቱ ተያያዘበት፤ እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ጠፋበት። እናቱ ታግሠው ሲጠብቁ ቆዩና፣ «ደክሞህ ነው ልጄ፤ መንገድ ነው» ብለው ተነሥተው ምሳ ሊያቀርቡለት ሄዱ። ተመልሶ ይህን ሲነግረን፣ «ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር» አለን። ሦስታችንም መሬት መሬት እናይ ነበር። ኩርፊያችንም ያበቃው ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ያፈረው እርሱ ብቻ አልነበረም።

የእኒህ እናት ነገር ለጥያቄያችን መልስ ሰጥቶናል። «በገናን ለምን ወደድህ?» አላሉትም። ከጫማ ይልቅ በገና መውደዱንም አልነቀፉም። የጠየቁት፣ ወደድሁ ካልህ እስቲ ፍሬውን አሰማኝ ብለው ነው። እንዲህም ስናስበው ደስታ ብድር ሆኖ ታየን። አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ደስታውን በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ይቀበላል፤ ዋጋውን ግን በኋላ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይከፍላል። ካልከፈለ ዕዳው በሌላ ሰው ላይ ያርፋል፤ በእኛም ነገር ያረፈው በአንዲት እናት ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ባጭሩ እንንገራችሁ። በመጀመሪያ የጫማውን ዋጋ ሁለታችን ከየድርሻችን አውጥተን ለወንድማችን ሰጠነው፤ እርሱም ጫማውን ገዛ። ሁለተኛ፣ ደቂቃ መቁጠርን ትተን በየምሽቱ አብረን መቀመጥ ጀመርን፤ አንዱ ሲደረድር ሁለቱ ዜማውን እየሰሙ ያርሙታል። ሦስተኛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በገናውን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ማምጣትና ተራ ለማይደርሳቸው ማዋስ ጀመርን። የእጅ ወዝ ቆዳውን እስካሁን አላበላሸውም። ስለ ተበጠሰው አውታርም፣ ማን እንደ በጠሰው ዛሬ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ራሱ ነገረን። እዚህ ግን «በጠስነው» ብለን መጻፍን መርጠናል፤ እንዲበጠስ ያደረገው የሦስታችን ጥድፊያ ነበርና።

መምህራችን ስለ አደራደሩ ያስተማሩንንም ሳናነሣ ማለፍ አንፈልግም። በገና በጣት ሲደረደር 10ሩም አውታሮች አይመቱም። ድምፅ የሚሰጡት የተወሰኑት ሲሆኑ፣ የቀሩት ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ማረፊያዎቹ ባይኖሩ ጣት ቦታውን ይስታል። እኛ ሦስታችን በአንድ ጊዜ ሁላችንም ልንሰማ ስንፈልግ ነበር የተጣላነው። አሁን አንዱ ሲደረድር ሌሎቻችን ማረፊያ መሆንን እየተማርን ነው፤ ይህም ከዜማው ያላነሰ ትምህርት ሆኖብናል።

ይህ ዕውቀት ወደ እኛ የደረሰውም በዚሁ መንገድ ነው። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው እንጦጦ ላይ ጎረቤታቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና ተምረው፣ በኋላ ራሳቸው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነዋል። ከአለቃ ተሰማ ወደ እርሳቸው፣ ከእርሳቸውም ወደ ተማሪዎቻቸው የተላለፈው የእጅ ሙያ ነው። አለቃ ተሰማ በገናቸውን ወድደው፣ ከጎረቤት ልጅ ሸሽገው በልብሱ ጠቅልለው አስቀምጠውት ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ሰው ይጎድልበት እንደ ነበር አስቡ።

ስለዚህ ውድ እኅታችን፣ ዘግይተንም ቢሆን ለጥያቄሽ እንዲህ ብለን እንመልሳለን። ዕቃን መውደድ ይገባል፤ ይልቁንም በእጅ ሥራና በትዕግሥት የሚከብር ዕቃ ከሆነ። ነገር ግን ፍቅራችን እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በገዛነው ቀን በሚሰማን ደስታ ሳይሆን፣ ደስታው ከበረደ በኋላ በሚረግበው አውታር ላይ በየቀኑ በምናደርገው ነገር ነው። ያን ቅዳሜ ሽማግሌው «በየቀኑ ቃኙት» ያሉን ይህን ሁሉ አስበው ይሁን አይሁን አናውቅም፤ እኛ ግን ዛሬ እንደዚያ አድርገን እንሰማዋለን።

ከእናንተም መካከል አዲስ ነገር በእጁ የገባለት፣ መጽሐፍም ይሁን ብስክሌት፣ ክራርም ይሁን መሰንቆ፣ ደስ ይበለው፤ አይፈር። ከዚያም ይህን ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ ከሁለት ወር በኋላ እናቴ «እስቲ አሰማኝ» ብትለኝ ምን አሰማታለሁ?

እኛ ለትንሣኤ ዕረፍት አንዲት ዜማ ይዘን ወደዚያች እናት ቤት ሦስታችንም ለመሄድ ቀጠሮ ይዘናል። እስከዚያ ድረስ በየምሽቱ እየቃኘን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ይቆየን።